መሃላቸው ያበጠ መዘውሮች

ጥር 20

ለልጄ ለድንቢጥ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። «አባቴ ደብዳቤ ከጻፈ አንድ ነገር ቸግሮታል» እንደምትዪ አውቃለሁ። ልክ ነሽ፣ ቸግሮኛል። ስለዚህ ሰላምታውን እዚህ ላይ እንቁረጠው።

ባለፈው ሳምንት የተነሣው ነፋስ የጓሮውን ጥድ ከነሥሩ ነቅሎ ወርክሾፑ ላይ ጣለው። ጣሪያው እንዳለ ወረደ። እኔ ቤት ውስጥ ስለነበርኩ ምንም አልነካኝም። የሥራ ጠረጴዛዬ ተርፏል፣ መላጊያዎቼም ተርፈዋል፤ አሁን ግን በላያቸው ላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው።

ለጣሪያው ጣውላ ፍለጋ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ውሃው ያልደረቀ፣ እንደ ውሻ ጅራት የተቆለመመ እንጨት አሳየኝና «አባባ፣ ዘንድሮ ያለው ይኸው ነው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስዳብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። የራሴ ጓሮ ውስጥ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ጥድ ተጋድሞ የእሱን ቆልማማ ልገዛ?

መሰንጠቂያ ቤት እንዳልወስደው የእኛ መንገድ ጋሪ እንጂ መኪና አያስገባም። ግንዱ ወደ ማሽኑ ካልሄደ ማሽኑ ወደ ግንዱ ይመጣል። ራሴ እሠራዋለሁ። ጎረቤታችን በያጁ ብረቱን ይበይድልኛል። ከግንዱ ግራና ቀኝ ሐዲድ እንዘረጋለን፤ ሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ፣ ጋሪው ላይ የድሮው የውሃ ፓምፕ ሞተር፣ በሁለት ጫፍ ሁለት መዘውር፣ በመዘውሮቹ ላይ ደግሞ እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን መጋዝ። ጋሪውን ስገፋው መጋዙ ግንዱን ከላይ እየገሸለጠ ጣውላ ያወጣል። ሥራው ሲያልቅ ተፈታትቶ ሌላ ግንድ ወዳለበት ይሄዳል።

የጎደሉኝ መዘውሮቹ ናቸው። ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ ላይ መውጣት አለባቸው። አንቺ ቶርኖ ላይ ትሠሪያለሽ ይላሉ። ከዳር እስከ ዳር ክንድ ያህል ይሁኑ። ቶሎ ላኪልኝ፤ ሥራው እስከ ሚያዝያ ማለቅ አለበት። ለምን ቸኮሉ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

አባትሽ


የካቲት 3

ይድረስ ለአባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ጣሪያው ሲወርድ ከሥሩ ባለመሆንዎ ደስ ብሎኛል። ይህን የምልዎ ለሰላምታ ወግ ብዬ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ንዴት ስለሆነ ተቀምጠው ያንብቡት።

«ቶርኖ ላይ ትሠሪያለሽ ይላሉ» ብለው ጻፉልኝ። ይላሉ! እዚህ ፋብሪካ ከገባሁ ስንት ዘመኔ ነው? አንድ ቀን «ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ?

ወርክሾፑ በር ላይ ከጉልበት ትንሽ ከፍ አድርገው የመቷት ሳንቃ ትዝ ትልዎታለች? ሰው ሲጠይቅዎ «ሰጋቱራው እንዳይወጣ ነው» ይሉ ነበር። ሳንቃዋ የተመታችው ለእኔ ነበር። ወንድሜን ጋሼን እጁን ይዘው ያስገቡታል። እሱ እያዛጋ መላጊያ ይይዛል፣ እያለቀሰ ምስማር ይመታል። እኔ ከውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ክንዶቼን ሳንቃዋ ላይ አጣጥፌ አያለሁ። «አባባ ልግባ?» ስልዎ ዞር እንኳ ሳይሉ «ሴት የገባችበት ወርክሾፕ እንጨቱ ይሰነጠቃል» ይሉኝ ነበር። አሁን እንጨት የሚሰነጥቅ ማሽን ሲያምርዎ ሴቲቱን ፈለጓት።

ጋሼን ለምን አይጠይቁትም? ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩት እሱን አይደል?

እሠራቸዋለሁ። ልቧ ራራ ብለው ግን እንዳያስቡ። በመጥፎ መዘውር ላይ የሚዞር መጋዝ ሰው ይገድላል፤ አንዱ ቶርኖ ቤት ሄደው ለብ ለብ አድርጎ እንዳይሰጥዎ ብዬ ነው። የሞተሩን ጉልበት፣ የዘንጉን ውፍረት፣ የመጋዙን ስፋት ይጻፉልኝ። «በግምት» የሚባል ቃል አልቀበልም። «ክንድ ያህል» የሚባልም መለኪያ የለም። የማን ክንድ?

ድንቢጥ


የካቲት 14

ለድንቢጥ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደረሱኝ። በሁለተኛው «ጨክኜ ጽፌ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አዎ ጨክነሻል። ግን ክንድ መለኪያ አይደለም ያልሽው ትክክል ነው። የበያጁ ክንድና የእኔ ክንድ በአራት ጣት ይለያያል፤ ሁለታችንም ለክተን ተጣላን። ልኩን በሜትር ወስጄ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ሳንቃዋ የተመታችው ለሰጋቱራው ነው። ሰጋቱራ በነፋስ ይወጣል። ከዚህ በላይ በዚህ ጉዳይ አልናገርም።

ጋሼን ለምን አይጠይቁትም ላልሽው፣ ጋሼሽ የቢሮ ሰው ሆኗል። እስክርቢቶ ሲወድቅበት የሚያነሣለት ሰው ይጠራል። እሱን መዘውር ሥራ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው።

«እውነቱን ይንገሩኝ፣ ለምን እስከ ሚያዝያ?» ብለሻል። ይህ አይመለከትሽም። ዝናብ ሳይገባ ብዬ ነው። እንጨት ዝናብ አይወድም።

ሐዲዱ ተበይዷል። ጋሪው አራት ኩሽኔታ ተገጥሞለት በአንድ ጣት ይገፋል። የጎደለው ያንቺ ሥራ ብቻ ነው። ቶሎ በዪ።

አባትሽ


መጋቢት 2

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ አንጀቴ አርሯል።

ጋሼ ለሥራ በዚህ ሲያልፍ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቆ አገኘኝ። ሁሉንም ነገረኝ። ወርክሾፑን አፍርሶ የሚከራይ ክፍሎች ሊሠራበት እንደፈለገ። እርስዎም በንዴት በሰው ፊት ተነሥተው «እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ከዚህ ግንድ ጣሪያ የሚያለብስ ጣውላ ካላወጣሁ ግቢውን እለቅልሃለሁ፣ አንተ ቤት የኋላ ክፍል ገብቼ እጦራለሁ» እንዳሉት። ጋሼ ግንዱን እንደ ማገዶ የሚወስድ ነጋዴ ከአሁኑ ተነጋግሮ ጨርሷል። እየሳቀ ነው የነገረኝ። «አባባ ነገር ወዷል፣ ይልፍለት» አለኝ።

ለእኔ ግን «እንጨት ዝናብ አይወድም»።

አባባ፣ ያ ግቢ የእርስዎ ነው። ያቺ የኋላ ክፍል ደግሞ የጋሼ አሮጌ ሶፋና የልጆቹ ብስክሌት የተከማቸባት ናት። እርስዎ እዚያ ውስጥ መላጊያ ሳይዙ ሲቀመጡ ታየኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጋሼን ስረግም አደርኩ። እርስዎንም አልማርኩም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው በአንድ ቃል ቤትዎን ያስያዙ ሰው ነዎት።

መዘውሮቹን ጨርሻለሁ። በየቀኑ ምሳዬን ትቼ ነው የሠራኋቸው። አንድ ቀን ፎርማኑ መጥቶ ከላዬ ቆመ። «ይሄ የማነው?» አለኝ። «የአባቴ ነው» አልኩት። «አባትሽ ምን ይሠራል?» «አናጢ ነው።» «እንዲያ ነው በይኛ፣ ይሄ እጅ ከእሱ የመጣ ነው» ብሎ እያደነቀ ሄደ። ጥርሴን ነክሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በአገር አቋራጩ አውቶቡስ ሾፌር እጅ ልኬአቸዋለሁ። ከላሜራ የሠራሁት መከለያም አብሮ አለ፤ መጋዙ ከሚቆርጥበት ቦታ በቀር ዙሪያውን ይሸፍኑበት። መዘውሮቹን ግን እንዳሉ ይግጠሟቸው። አይንኳቸው። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ለምን እያልኩ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እርስዎም ይቅመሷት።

ድንቢጥ


መጋቢት 12

ለድንቢጥ፣

ዕቃው ደረሰኝ። ሾፌሩን አመስግኚልኝ። አንቺን ግን አላመሰግንሽም።

ይሄን ያህል ጊዜ ወስደሽ መሃላቸው ያበጠ መዘውር ነው የላክሽልኝ? መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። መለኪያ ማዕዘኔን አምጥቼ ፊታቸው ላይ ጋደም ሳደርገው መሃሉ ላይ ያርፍና ከግራም ከቀኝም ብርሃን ያሳልፋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት። በያጁን ጠርቼ አሳየሁት፣ አፍሬ። «ምናልባት አስባበት ይሆናል» አለኝ። ብረት አብጦ ይታሰብበታል እንዴ? ፊት ማለት ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ካላለ ሥራ አይባልም። ወንድምሽን ይህን ለማስተማር ስንት ዱላ ጨርሻለሁ።

ለፎርማንሽ ይህ እጅ የአባቷ አይደለም ብለሽ ንገሪው።

መልሼ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ጊዜ የለም። ስለዚህ እኔው አስተካከልኳቸው። ሞተሩ ላይ ገጥሜ እያሽከረከርኩ ሞረድ ይዤ ተቀመጥኩባቸው። ክንዴ እስኪዝል ድረስ። አሁን ማዕዘኑን ብታስቀምጪበት ፀጉር አይገባም። መስታወት ሆነዋል። ነውርሽን ሸፍኜልሻለሁ፤ አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።

ሐዲዱን በውሃ ልክ አይቼዋለሁ። ግንዱን ከበያጁና ከልጆቹ ጋር አንከባለን አውጥተነዋል። መከለያሽ መጋዙን እንዳላይ ስለሚጋርደኝ አልገጠምኩትም። የማላየውን መሣሪያ ይዤ አላውቅም። ከነገ ወዲያ አስነሣዋለሁ።

አባትሽ


መጋቢት 18

አባባ፣

ሰላምታ የለኝም። ማሽኑን አያስነሡ። አስነሥተውት ከሆነ አሁኑኑ ያጥፉት፣ ቀጥሎ ያለውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ያ እብጠት ስህተት አልነበረም። በመዘውር ላይ የሚዞር ቀበቶ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ነው የሚወጣው። መሃሉ በጥቂቱ ከፍ ያለ እንደሆነ መጋዙ ከመሃል አይርቅም፤ ግንዱ ገፋ ቢያደርገው እንኳ ተመልሶ መሃሉን ይይዛል። ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ማደሪያ የለውም። ትንሽ ሲገፉት ወደ ጠርዙ ይሸሻል፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ሲወጣ እንደ ቀበቶ ዝም ብሎ መሬት ላይ አይወድቅም። ጥርስ ያለው ነገር ነው፣ እየዞረ ነው።

እብጠቷን በዚያች ልክ ለማውጣት ስንቴ እንደለካሁ፣ ስንት ብረት እንዳበላሸሁ አያውቁም። አላወቁም፣ ግን አልጠየቁምም። ሞረድ አነሡ። የማይገባዎትን ነገር ሁሉ ሞረድ ይዘው ነው የሚቀመጡበት።

ሾፌሩ የሚነሣው ነገ ጠዋት ነው። ቆሜ ነው የምጽፈው። እባክዎ አያስነሡት።

ድንቢጥ


መጋቢት 29

ለልጄ ለድንቢጥ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ እስክርቢቶው ነው። በዚህ ሰሞን የሚሸጡት እስክርቢቶ ሁሉ የማይረባ ነው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ዘግይቶ ደረሰ ማለቴ ነው። ምንም አይደለም።

ማሽኑ ለጊዜው አርፏል። እኔም አርፌያለሁ። ዕድሜም እኮ አለ። አየሩ ደህና ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል። የበያጁ ሚስት በየቀኑ ሾርባ ታመጣልኛለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሴቶች ለሰው ሾርባ መውሰድ ይወዳሉ።

ከዚያ ወዲህ በላክሽው አጭር ወረቀት «መከለያውን ገጥመውታል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ያምራል።

ስለ ግቢው አትጨነቂ። የጋሼሽ የኋላ ክፍል ያን ያህል መጥፎ አይደለም ይላሉ። መስኮት አላት።

አባትሽ


ሚያዝያ 6

ይድረስ ለአባቴ፣

የላኩልኝ በግራ እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እስክርቢቶው ምን አደረገ? ቶርኖ ላይ የሚውል ሰው እጅ ሲጎዳ ስንቴ አይቷል መሰለዎት። ሾፌሩን አፋጠጥኩት። «አትንገራት ብለውኛል» አለኝ፤ ከዚያ ነገረኝ። መጋዙ ከመዘውሩ ወጥቶ የቀኝ እጅዎን ሁለት ጣት።

ሁለት ጣት፣ አባባ። የእርስዎን ጣት።

ምን እንደምል አላውቅም፣ ስለዚህ ልቆጣ። መዘውሬን ሞረዱት፣ መከለያዬን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ጣትዎ ሄዶ ስለ ሾርባ ጻፉልኝ። ጋሼ እንኳ አያውቅም አሉ፤ ከእሱም ደብቀዋል፣ «አየህ፣ ብዬህ ነበር» እንዳይልዎ። ለዚህ እንኳ እልህ!

የእኔንም እልህ አልክድም። «መሃሉ ያበጠው መጋዙን እንዲይዝ ነው» ብዬ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኝ አልነበረም። ከማን እንደወረስኩት እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ያድምጡኝ። የኋላ ክፍል የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳይጽፉልኝ። አዲስ መዘውሮች እየሠራሁ ነው። የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ ሚያዝያ 17 እደርሳለሁ። ግንዱን በቆርቆሮ ይሸፍኑት። ቁስሉን በየቀኑ ያሳጥቡ። እስክመጣ ድረስ ግንዱንም፣ ሞተሩንም፣ ሞረዱንም አይንኩ። ሞረዱን ለበያጁ ሚስት ይስጧት፣ ትደብቀው።

ድንቢጥ


ግንቦት 5

ይድረስ ለአባቴ፣

«ቴርሞስሽን ረስተሽ ሄድሽ፣ ደግሞስ ያለ ስንብት የሚሄድ ሰው አለ ወይ?» ብለው የላኩት ወረቀት ደረሰኝ። ቴርሞሱን ለበያጁ ሚስት ይስጡልኝ። ስንብቱን ደግሞ አልረሳሁትም፤ አውቄ ነው የተውኩት።

ምን አደረግሁ ይሉኝ ይሆናል። እነግርዎታለሁ።

ያን ሁሉ ቀን ጋሪውን የገፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ከጎኔ ቆመው «ቀስ! ኧረ ቀስ! እንጨቱን ስሚው!» እያሉ ጮኹብኝ፣ እኔም «ያሉትን ሰምቻለሁ፣ እንጨቱን ልስማበት ዝም ይበሉ» እያልኩ መለስኩ። በያጁ እስኪስቅብን ድረስ ተጨቃጨቅን። እውነቱን ልንገርዎ? በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ጣውላ ሲወጣ በግራ እጅዎ ዳብሰውት «እ» አሉ። ያቺን «እ» ይዤ አደርኩ።

ከዚያ በመጨረሻው ቀን ጋሼ የማገዶ ነጋዴውን አስከትሎ መጣ። ጣውላው ከእነሱ ቁመት በላይ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ነጋዴው አንዱን ጣውላ መታ መታ አደረገና «ይሄንን ማነው የሰነጠቀው?» አለ። እርስዎ የታሰረ እጅዎን ኮትዎ ኪስ ውስጥ ከተቱና «እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ይሰነጥቀዋል?» አሉት። ወደ እኔ እያዩ ደግሞ «ልጄ ናት፣ ለጥየቃ መጥታ ነው» አሉት።

ለጥየቃ። ፀጉሬ ሰጋቱራ ለብሶ፣ መዳፌ ተልጦ፣ ለጥየቃ።

ሻንጣዬ ወርክሾፑ ውስጥ ነበር። ገብቼ አነሣሁት። ስወጣ ያቺን ሳንቃ ተሻገርኳት። እስከ ዛሬ እዚያው ናት፣ አላነሷትም። እርስዎ እያዩኝ ነበር።

ግቢዎ ተርፎልዎታል። እንኳን ደስ ያለዎ። ደብዳቤ ባይጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ድንቢጥ


ግንቦት 17

ለልጄ ለድንቢጥ፣

አይጻፉልኝ ብለሻል። ጻፍኩ። ከፈለግሽ ሳታነቢው ቅደጂው፤ ግን በግራ እጅ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ስለሆነ አንብበሽ ብትቀድጂው ይሻላል።

ደብዳቤሽን አንብቤ በጣም ተናደድኩ። አባቷን እንዲህ ትናገራለች ወይ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስብከነከን ዋልኩ። ማታ በያጁ ሲመጣ «ለመሆኑ ጣውላውን የሰነጠቀው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁት፣ በእኔ እንዲፈርድ። «እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ አባባ» አለኝና ሾርባውን አስቀምጦ ሄደ።

በማግስቱ ጋሼሽ ቢሮ ሄጄ ድንቢጥ ናት የሰነጠቀችው አልኩት። መዘውሮቹንም የሠራቻቸው እሷ ናት፣ ያበላሸኋቸው እኔ ነኝ አልኩት፤ እጄንም አወጣሁና አሳየሁት። ከዚያ ማገዶ ነጋዴውን ፍለጋ እስከ ገበያው ጫፍ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐዩ አናቴን በላኝ። አገኘሁትና «ያን ቀን እኔ ነኝ ያልኩህ ውሸት ነው፣ ልጄ ናት» አልኩት። «ታዲያ እኔን ምን አገባኝ አባባ? ማገዶ አለዎት ወይ?» አለኝ። ደደብ ነው።

አሁን የምጽፍበት ምክንያት ሌላ ነው።

ትናንት ለጣሪያው ረጃጅሙን ጣውላ ስናስገባ በሩ ላይ ያለችው ሳንቃ ዘጋችብን። በያጁ «ይህቺ ምን ትሠራለች?» አለኝ። «ሰጋቱራ ትከለክላለች» አልኩት። ውስጡን አየ፣ ውጪውን አየ። በሁለቱም በኩል ሰጋቱራ ነው።

ነቀልኳት። ምስማሯ ዝጎ በግራ እጅ አልወጣ ብሎኝ ብዙ ታገልኩ። ነቅዬ ወደ ብርሃን ሳወጣት ከላይ ጠርዟ ላይ ማለቋን አየሁ። ስሻገር ሱሪዬ የፈገፈጋት መስሎኝ ነበር። ሱሪ ቢሆን ግን የምታልቀው መሃሏ ነው። መሃሏ ደህና ነው። ያለቀችው በውጪው በኩል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቦታ ነው። እንደ ማንኪያ ጎድጉዳለች። ቀለሟም እዚያ ቦታ ላይ ጠቁሯል፣ የሰው ላብ የጠጣ እንጨት እንደሚጠቁረው። በግራ እጄ ዳበስኩት። ክርኔን አስቀመጥኩበት፣ አልገባም። የልጅ ክርን ነው።

ድንቢጥ፣ ሳንቃዋ ጥድ ናት። ጥድ እንዲህ ለመጎድጎድ የልጅ ክርን ምን ያህል መቀመጥ እንዳለበት ሌላ ሰው አይገባውም። እኔ ይገባኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ስሠራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዞር አላልኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በያጁ አይቶኛል፣ ማንም እንዳይነግርሽ ብዬ ነው ራሴ የምነግርሽ።

አሁን ሳንቃዋ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ለጣሪያው አንዲት አጭር እንጨት ጎድላናለች፤ ጠርዟን ላግ ላግ ባደርጋት ቀጥ ትልና ትሆነናለች። ግን ምን ላድርጋት? አንቺ ምን ትያለሽ?

አባትሽ


ግንቦት 26

ይድረስ ለአባቴ፣

ደብዳቤዎን ቶርኖው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ፎርማኑ «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ ብረት ዓይኔ ገባ አልኩት።

አሁንም ተናድጃለሁ። ማገዶ ነጋዴው ዘንድ በእግርዎ ስለሄዱ የበረደልኝ እንዳይመስልዎ፤ የዚህ ሁሉ ዓመት ንዴት ገበያ ደርሶ በመመለስ አያልቅም። ገና ብዙ እቆጣዎታለሁ፣ ይዘጋጁ።

ሳንቃዋን ግን እንዳይልጓት። ስለ እግዜር መላጊያዎን ያስቀምጡ። ያበጠውን ለምን አበጠ ሳይሉ ደልድለው ሁለት ጣት ከፍለዋል፤ የጎደጎደችውን ደግሞ እንዲሁ እንዳይደለድሏት። ለጣሪያው ከተደረደረው ጣውላ ይቁረጡ፣ ሞልቷል። እኔ የሰነጠቅኩት ነው።

ለእሷ አራት እግር ይግጠሙላት። መቀመጫ ትሁን። ጥቂት ቀን ፈቃድ ቀርቶኛል፤ ስመጣ ከውስጥ በኩል እቀመጥባታለሁ።

ድንቢጥ